የፈርዖን ሠራተኞች መንደርና የእኛ ፎቅ

ፒራሚድ አልወድም። ይህን በሰው መካከል ስናገር አንዱ የግድ ይቆጣል፤ የጥቁር ሕዝብ ኩራት መሆኑን፣ አሠራሩ ዛሬም እንቆቅልሽ መሆኑን ያስረዳኛል። እኔ እንቆቅልሹ አይታየኝም። አንድ ሰው አልሞትም አለ፣ ሌላው ሁሉ ድንጋይ ጎተተ፤ ይኸው ነው። ከግብፅ የማደንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ከተሞቿን። የፈረሱትን፣ ለፎቶ የማይመቹትን፣ ቱሪስት በአውቶቡስ ጥሏቸው የሚያልፋቸውን የጭቃ ከተሞች። ከእነሱ ጋር ያስተዋወቁኝ ደግሞ በር ለበር የምንተያይ ጎረቤቴ ናቸው።

ወደ ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለጤና የማይስማማ ሥራ በሆነበት ጊዜ ነው። ጥቂት ዓመታት በሰው ሶፋ ላይ ካደርኩ በኋላ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ሆሎዌይ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ፍላት ሰጠኝ። ፎቃችን አራት በር ነበረው። አንዱ የእኔ። ሁለተኛው የጡረተኛ አውቶቡስ ነጂ የሆኑ ጃማይካዊ አዛውንት። ሦስተኛው ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሶማሊያዊት። አራተኛው የእትዬ። እትዬ በደርግ ጊዜ ከአገር ወጥተው ዕድሜያቸውን በለንደን ሆስፒታሎች በነርስነት ያሳለፉ ሴት ናቸው። አማርኛቸው በወጡበት ዓመት ቆሟል። ካውንስሉን «ቀበሌ»፣ የካውንስሉን ሠራተኞች «ካድሬዎቹ» ይላሉ። ስለ ካውንስሉ እኔ ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ፤ እንደዚህ ጥሩ አድርጌ ግን አልገለጽኩትም።

አንድ ቀን ጠዋት በሬን አንኳኩ። ላይብረሪው በር ላይ ማስታወቂያ አይተዋል፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስለ ጥንታዊት ግብፅ ከተሞች በነጻ ትምህርት ይሰጣል።

«ቁስቋም ግብፅ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ነው ይባላል።»

«ይባላል አትበል። ሐሙስ አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበትን ቁስቋምን እትዬ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ያከብራሉ። ከዚያ በፊት ያለውንም የጽጌ ጾም አያልፉትም። አንድ ጊዜ «የፈቃድ ጾም እኮ ነው» ብላቸው፣ «አዎ፣ ፈቅጄ ነው» ብለው ዘጉኝ።

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለመሳለቅ ነበር። የላይብረሪ ትምህርት ጡረተኞችን ማሞቂያ መሆኑን አውቃለሁ። መምህሯ አሮጊት እንግሊዛዊት ናት፤ በወጣትነቷ ግብፅ ውስጥ ቁፋሮ ላይ ሠርታለች። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ አንድ ምልክት አበራች፤ ክብ፣ በውስጡም የተመሳቀሉ ሁለት መስመሮች። የጥንት ግብፃውያን ከተማ ብለው መጻፍ ሲፈልጉ ይህን ይሥሉ ነበር አለች። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ድፎ ዳቦ ነው» አሉ። መምህሯ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ መሆኑን አስረዳች። እስከ ዛሬ የእትዬ ፍቺ ይበልጥብኛል።

ትምህርቱ ሲያልቅ እትዬ እጃቸውን አውጥተው ስለ ቁስቋም ጠየቁ። የመምህሯ ፊት በራ። ከተማው በእርግጥ ነበረ፤ በጥንት ስሙ ቂስ ይባል ነበር፤ የላም አምላክ የሚመለክበት የአንድ አውራጃ ዋና ከተማ ነበር፤ ዛሬም እዚያው አካባቢ ስሙን የያዘ ከተማ አለ አለች። እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትገባ ጣዖቶቹ ሳይወድቁ አይቀሩም አሏት እትዬ። መምህሯ በትሕትና ስለዚያ ማስረጃ እንደሌላት ተናገረች። እትዬም በዚያው ትሕትና፣ እሳቸው ግን እንዳላቸው ነገሯት። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «ይባላል ነበር ያልከው።»

ከዚያ በኋላ አንድም ሐሙስ አላመለጠንም። ለመሳለቅ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ እጄ ላይ ቀረ። በዚያ አገር ድንጋይ ለአማልክትና ለሙታን ነበር፤ ሕያው ሰው፣ ንጉሡ ሳይቀር፣ የሚኖረው በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ሲያረጅ ያፈርሱታል፣ ፍርስራሹን ይደለድሉታል፣ በላዩ ሌላ ይሠራሉ። ከተማው በዚህ ሁኔታ እንደ ኮረብታ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ልጅ ከቅድመ አያቱ ጣሪያ በላይ ይተኛል። ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ገበሬዎች ያ አሮጌ ጭቃ ለእርሻ ጥሩ ማዳበሪያ መሆኑን ደረሱበት። ኮረብታውን በአህያ እየጫኑ ማሳቸው ላይ በተኑት። ፒራሚዱ ቆሞ ቀረ፤ ከተሞቹ ስንዴ ሆነው ተበሉ። ከዚህ የተሻለ የከተማ መጨረሻ እስካሁን አላነበብኩም።

ከአማልክቱ ጋር ተጣልቶ በረሃ ላይ አዲስ ዋና ከተማ ያሠራውን ንጉሥ ታሪክም ሰማን። ሰፊ ጎዳና፣ ቤተ መንግሥት፣ የሹማምንት መኖሪያ፣ ሁሉም በጥቂት ዓመታት ተጠናቀቀ። ንጉሡ ሲሞት ሕዝቡ ዕቃውን ጭኖ ወጣ፤ ከተማውም ለአሸዋ ቀረ። ሆሎዌይ ሮድ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ስለ ሥልጣንና ስለ ማስተር ፕላን ረዘም ያለ ንግግር ጀመርኩ። እትዬ በአንድ ቃል ጨረሱት። «ካድሬ ነበር» አሉ ስለ ንጉሡ።

እኔን ሙሉ በሙሉ ያሸነፈኝ ግን የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉትና የሚሥሉት ሠራተኞች መንደር ነው። በተራራ መካከል ያለ፣ አንድ ዋና መንገድ ብቻ ያለው ትንሽ መንደር። ቤቶቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ ግድግዳ ይጋራሉ፤ በራቸው መንገዱ ላይ ይከፈታል። ጉድጓድ ስላልነበራቸው ውኃ በአህያ ከሸለቆው ይመጣላቸዋል። ከሥራ የቀሩበት ምክንያት ሳይቀር ተጽፎ ተገኝቷል፤ አንዱን ጊንጥ ነድፎታል፣ ሌላው ቤቱ ጠላ ሲጠምቅ ውሏል። ቀለባቸው ሲዘገይ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሄደው ቤተ መቅደሱ ጥግ ቁጭ አሉ፤ እህላችን እስኪመጣም አንነሳም አሉ። በፈርዖን አገር! እኔ በምርጫው ማግስት ያየሁትን አይቼ፣ ይህን ስሰማ ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም።

እትዬን የሳባቸው ሌላ ነገር ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ውስጥ ማን ይኖር እንደነበረ፣ ከማን አጠገብ እንደነበረ ይታወቃል። በተለይ ይህን ወደዱት። መንደሩ በመጨረሻ ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ከበረሃ የሚመጡ ወራሪዎች ሲያስቸግሯቸው ሰዎቹ ለቀው ሄዱ፣ እዚያው አቅራቢያ ባለ ትልቅ ቤተ መቅደስ ግንብ ውስጥ ቤት ሠርተው ገቡ አለች መምህሯ።

«ተበታትነው ነው ወይስ አብረው?» አሉ እትዬ።

መምህሯ መነጽሯን አወለቀች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። እስከሚታወቀው ድረስ አብረው ነው አለች።

በዚያው ክረምት ካውንስሉ ሕንጻችን ሊፈርስ መሆኑን አሳወቀን። በቦታው አዲስ ይሠራል፤ እስከዚያ ለያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ መኝታ ቤቱ ቁጥር ሌላ ሰፈር ቤት ይሰጠዋል፤ አዲሱ ሲያልቅም ዕጣው በወጣበት ፎቅ ይገባል። እኔ ደስ አለኝ። ለብዙ ጊዜ ደህና ጠላት አጥቼ ነበር። ለፎቃችን ሰዎች ሁሉ አሮጌውን ሕንጻ ስለማዳን ሰበክሁ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሶማሊያዊቷ ጎረቤታችን መጀመሪያ ሊፍቱን እንድጠግንላት ጠየቀችኝ። እትዬ ዝም አሉ፤ እኔ ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ለምክክር ተብሎ አዳራሽ ተጠራን። ከነጭ ካርቶን የተሠራ የአዲሱ ሕንጻ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ዛፎቹ ስፖንጅ ናቸው። ግድግዳው ላይ ጥያቄዎች ተለጥፈዋል፤ የወደደ አረንጓዴ፣ የጠላ ቀይ ስቲከር ይለጥፋል። ሥራውን የምትመራው ወጣት ባለሙያ ትሑት ልጅ ነበረች። እትዬን ወንበር ስባ አስቀመጠች፣ ሻይና ብስኩት አመጣች፣ ስቲከሩን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አዛውንቱ በየጥያቄው ቀይ ለጠፉ። እኔም ቀይ ለጠፍኩ። እትዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አረንጓዴ።

ውጭ ስንወጣ አላስችል አለኝ። «እትዬ፣ በገዛ እጅዎ ቤትዎን አስፈረሱ እኮ።»

«ታዲያ የሰው ሻይ ጠጥቼ፣ በሰው ወንበር ተቀምጬ፣ ልጅቷን ፊት ለፊት እምቢ ልበላት?»

አዳራሹ የእኛ መሆኑን፣ ሻዩም በእኛው ካውንስል ታክስ የተገዛ መሆኑን አስረዳኋቸው። እትዬ ቆም ብለው አዩኝ። «አንተን ግን ያሳደገ ሰው የለም?» አሉኝ።

በማግስቱ ለልጅቷ ስልክ ደውለው ዓርብ ምሳ ጋበዟት። ነገሩ ያኔ ገባኝ። በሰው ቤት እንግዳ ሆነው መናገር አይችሉም፤ በራሳቸው ቤት ግን ባለቤት ናቸው። እኔ ምስክር ሆኜ እንድገኝ ታዘዝኩ። «አፍህን ለእህል ብቻ ነው የምትከፍተው» ተባልኩ።

ልጅቷ መጣች። ምስር ወጥና ጎመን ቀረበ፤ በእጇ መብላቱን እስክትለምድ እትዬ አጎረሷት። ወሬው ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ባቡሩ ነበር። ገበታው ሲነሳ እትዬ እጃቸውን ታጥበው ቀና ብለው ተቀመጡ። ቤቴን አታፍርሱብኝ የሚለውን ንግግር ስጠብቅ፣

«ቤቱን አፍርሱት» አሉ።

ውኃው ትን አለኝ።

ግድግዳው በየክረምቱ ይሻግታል፣ ሊፍቱ ይሸታል፣ ያረጀ ቤት አፍርሶ በላዩ መሥራት ድሮም የነበረ ነው አሉ። «ግን አራታችንን አትለያዩን። ከእኔ ግድግዳ ወዲያ ያሉት ሽማግሌ በየቀኑ ጠዋት ግድግዳውን ይመታሉ። እኔም መትቼ እመልሳለሁ። በሕይወት እንዳለን የምናውቀው እንደዚያ ነው። ነርስ ነበርኩ፤ ብቻቸውን የሞቱ ሽማግሌዎች ተገኝተው ሲመጡ አይቻለሁ። ጎረቤት ያለው ሰው እንደዚያ አይሆንም።»

እነዚያ ሁለት ሰዎች ለዓመታት እንዲህ ሲነጋገሩ ከአጠገባቸው ኖሬ አላወቅሁም። ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ምደባው በመኝታ ቤት ቁጥር ብቻ ነው፣ ስለ ጎረቤት የሚጠይቅ መመሪያ የለንም አለች።

«ፈርዖን እንኳን ሠራተኞቹን አንድ ላይ አዛውሯቸዋል» አሉ እትዬ። «ቀበሌያችሁ ከፈርዖን ይብሳል?»

መምህሯ ፈርዖን አዛወራቸው አላለችም፤ እነሱ ሄዱ ነው ያለችው። ላርም አፌን ከፈትኩና ትእዛዙን አስታውሼ ዘጋሁት። ልጅቷ ስትወጣ እትዬን አቀፈቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ካውንስል ሥራ ዘገምተኛ ነበር። ልጅቷ ጉዳዩን ወደ አለቆቿ ወሰደች፤ ስብሰባ ተደረገ፤ እትዬ በየስብሰባው እየሄዱ፣ የቀረበውን ሻይ ሳይነኩ፣ ያንኑ ደገሙ። በመጨረሻ የአንድ ፎቅ ጎረቤቶች ከፈለጉ አንድ ላይ አፕላይ ማድረግ ይችላሉ ተባለ። ሶማሊያዊቷ ጎረቤታችን አልተሳካላትም፤ ልጆቿ ስላደጉ ሰፊ ቤት ያስፈልጋት ነበር፤ የደረሳት ከግቢው ማዶ ሆነ። አሮጌው ፈርሶ አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ እኛ ሦስታችን አንድ ፎቅ ላይ ገባን። እትዬና አዛውንቱ እንደ ድሮው ግድግዳ ይጋራሉ።

በገባን ማግስት ጠዋት እትዬ ፊታቸው አመድ መስሎ በሬ ላይ መጡ። ከግድግዳው ማዶ ምንም አልተሰማም። ሮጠን የአዛውንቱን በር ስንደበድብ በፒጃማቸው ከፈቱ፤ እሳቸውም ደንግጠዋል። ደጋግመው መትተው መልስ አጥተው፣ ሊመጡ ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። አዲሱ ግድግዳ ድምፅ አያሳልፍም። ሥሪቱ በጥራቱ የተመሰገነ ነው።

መሐንዲሶቹን የሚመለከት ደህና መጣጥፍ በጭንቅላቴ ማቀናበር ጀምሬ ነበር። እነሱ አልጠበቁኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛውንቱ ከቁርስ በፊት ከቤታቸው ወጥተው የእትዬን በር ያንኳኳሉ። እትዬ ይከፍቱና በአማርኛ «አለሁ» ይሏቸዋል። እሳቸውም በጃማይካ ለዛቸው «አለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ቀጥለው የእኔን በር ያንኳኳሉ።