ትርፍ አንጀት ነው ያልኳት

የእኛ አገር ሰው በሽታን ለሁለት ይከፍላል፤ መርፌ የሚወድና መርፌ የማይወድ። ወባ መርፌ ይወዳል። ሳንባ ምችም ይወዳል። አንዳንድ እብጠት ግን አይወድም፤ መርፌ ከነካው ይቆጣል፣ ብረት ካረፈበት ደግሞ በሽተኛውን ይዞት ይሄዳል ይባላል። ደብረ ማርቆስ የምንኖር የተማርን ነን ባዮች ይህን ስንሰማ እንስቃለን። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን ስንት ጊዜ ስቀንበታል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ፤ ያውም ድምፄ ከሁሉም በላይ እየተሰማ።

አሁን አልስቅም። እህቴን ያ ወሬ ገደላት ብዬ ብናገር ሰው ሁሉ ያምነኛል፣ ከንፈርም ይመጥልኛል። እኔ ግን ራሴን አላምነውም። ወሬው ብቻውን አልገደላትም።

እህቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እሷ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ ቀበሌ አግብታ ቀረች፤ እኔን ደግሞ ደብረ ማርቆስ አስተማረችኝ። አስተማረችኝ ስል ፊደል ለይታ አይደለም፤ እስክትሞት ድረስ ስሟን እንኳ መጻፍ አታውቅም ነበር። በየአስራ አምስት ቀኑ ስንቅ ታመጣልኝ ነበር፤ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ካለ ትንሽ ቅቤ። እስከ ወረዳው ከተማ በእግሯ ተሸክማው፣ ከዚያ በኋላ አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር አብራ ተጭና ትመጣለች። የተከራየሁባት ክፍል በር ላይ ስትደርስ ገና ሳታወርደው የምትጠይቀኝ "ስንተኛ ወጣሽ?" ብላ ነው። አንደኛ ካልወጣሽ ሽሮው ይቀንሳል እያለች ታስፈራራኝ ነበር። ቀንሶ ግን አያውቅም። መምህርት የሆንኩ ዕለት መንደሩን ሁሉ ጠርታ ጠላ አጠጣች፤ ባሏ "አንቺ ነሽ እንዴ የተመረቅሽው?" ብሎ እስኪቀልድባት ድረስ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ውስጥ ሽንብራ የምታህል ነገር እጄ ላይ መጣች። አታምም። ገፋ ሳደርጋት ትሸሻለች። በማግስቱ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ ሦስተኛውን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን ሳያልቅ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስኩ። ይህን ያኔ ልብም አላልኩት። የሚጠጣ ውሃ ከቧንቧ እንደሚመጣ ሁሉ ሆስፒታልም በባጃጅ የሚደረስበት ነገር ይመስለኝ ነበር።

በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ እንደ ወጉ መጀመሪያ ለባሌ ነገሩት። እሱ ደግሞ ሁለት ቀን ይዞት ዋለ፤ እንጀራ ሲጎርስ እየታነቀ፣ ሬዲዮ ከፍቶ እየዘጋ። ሦስተኛው ቀን ላይ ልብሱን ሳጥብ ወረቀቱን ከኪሱ አገኘሁት። ተጣላን፣ ተላቀስን፤ ከዚያ ጡቴ ተቆረጠ። በየሦስት ሳምንቱ ደግሞ ለመድኃኒት አዲስ አበባ እመላለስ ጀመር። ስመለስ የዓባይ በረሃ ላይ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ባሌ ፌስታል ይዞልኝ፣ ደጀን እስክንወጣ አስመልሳለሁ። ለትምህርት ቤቱ ስልጠና ላይ ናት ተባለ። ፀጉሬ ሲረግፍ ተላጨሁና ስዕለት ነው አልኩ።

ለእህቴ ደግሞ ትርፍ አንጀት ነው አልኳት።

ምክንያቱን ሰው ቢጠይቀኝ የማሳምረው አላጣም። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ "በዘራቸው አለ" ከተባለ ማን ያገባቸዋል ብዬ ሰጋሁ። ደግሞም አፈርኩ። ሰው ገና ሲያየኝ ዓይኑ ከፊቴ ወርዶ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ታየኝ። በእኛ ዘንድ የዚህ በሽታ ስሙ እንኳ አይጠራም፤ "ያ ክፉ" ተብሎ እንትፍ ይባላል። እኔም፣ ሳይንስ የማስተምረው ሴትዮ፣ ስሙን ዋጥኩት። ጡት መያዣዬ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቄ ወደ ክፍል ገባሁ።

እህቴ ቀዶ ጥገናውን ሰምታ በሳምንቱ መጣች። ዶሮ በብብቷ፣ ቅቤ በቅል ይዛ። አልጋዬ ላይ ቁጭ አለችና፣

"የት ላይ ነው የቀደዱሽ? በሞቴ አሳዪኝ፣ ልሳመው" አለች።

ጋቢውን እስከ አንገቴ ሳብኩት። "ሆዴ ላይ ነው፤ ፋሻው አይነካም ብለዋል።"

"ሆድሽን ከሆነ ታዲያ ክንድሽን ምነው አታነሺው?"

ከሐኪም የማያመልጥ ነገር ከእሷም አያመልጥም። "የግሉኮሱ መርፌ ነው ያሳበጠኝ" አልኳት። አመነችኝ። እኔን ማመን ልማዷ ነበር፤ አንደኛ ወጣሁ ስላትም ካርዱን አሳዪኝ ብላኝ አታውቅም። ጋቢውን እንደለበስኩ ሆዴን ሳመችልኝ፣ ደህናውን ሆዴን።

አራት ዓመት አለፈ። ዳንኩ። ሐኪሜ "ሽንብራ እያለች ስለመጣሽ ነው" ትለኛለች። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ እኮራለሁ።

አንድ ሐምሌ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ለመደወል ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ መውጣት አለባትና ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይጮኻል።

"አክስቴ፣ እማ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች።"

"ምነው? ምን ሆነች?"

"'እሸታለሁ፣ ሰው አጠገብ አልቆምም' ትላለች።"

እህቴ በዕድሜዋ ሙሉ ቅዳሴ አስታጉላ አታውቅም። በማግስቱ ሄድኩ። ከወረዳው ከተማ ወዲያ ያለው መንገድ በዝናብ ጭቃ ሆኖ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚባለው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ስሄድ መጀመሪያ የታሰበኝ፣ ይህን መንገድ እሷ ስንቅ ተሸክማ ስንት ዓመት ተመላልሳበታለች የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ የታመመ ሰው በዚህ እንዴት ይወጣል የሚል።

ጓዳ ውስጥ አገኘኋት። ነጠላዋ ስር ጤና አዳም ሸጉጣለች። ሽታው ግን ከጤና አዳሙ በላይ ነበር። አሳዪኝ አልኳት፤ አሳየችኝ። ያየሁትን አልጽፈውም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካቻምና፣ ጤፉ ሳይታጨድ።"

ሁለት ጎረቤቶቿ ምድጃው ጋ ተቀምጠዋል፤ ልጇ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ነገሩን የሰማሁት ከአራቱም አፍ ተቀባብለው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ሂጂ ብላታለች። የንስሐ አባቷም "ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ጌታ ነው" ብለዋት ነበር። መድኃኒት አዋቂው ሽማግሌ ግን አይተው "ይህ መርፌ አይወድም" አሉ። እሷም የእሳቸውን ሰማች።

"እንዴት የእሳቸውን ትሰሚያለሽ?" ብዬ ጮኽኩባት።

አልተቆጣችም። ጣቷን አጥፋ ቆጠረችልኝ። ከወንዙ ማዶ ያለችው ሄደች፣ በሬሳ መጣች። የቄሱ ምራት ሄደች፣ ቆረጧት፣ ፋሲካን አልደረሰችም። ከገበያው በላይ ያለችውም እንዲሁ።

"የሄዱት ዘግይተው ነው እኮ!" አልኳት።

"እሱን አላውቅም። እኔ ያየሁት ሄደው መሞታቸውን ነው። ብረት ከነካው አይዶል ወይ የሚያልቀው?" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ተቆርጣ የኖረች አንዲት ሴት አሳዪኝ። አንዲት። ዛሬውኑ እነሳለሁ።"

አንዲቷ ሴት ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

እጄ ወደ ሹራቤ ቁልፍ ሄደ። ይህን አስታውሳለሁ፤ ሄዷል። ከዚያ ጎረቤቶቿን አየሁ። ሁለቱ ሴቶች ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ የሚያወሩት ተሰማኝ። ልጆቼ ታወሱኝ። ጥጡ እንኳ ታወሰኝ፤ ከጭቃው ጋር ስታገል ወደ ጎን ሸሽቶ ነበር። እጄን መለስኩት።

"ብዙ አሉ" አልኩ።

"እነማን?"

"ከተማ ውስጥ... ብዙ።"

"እነሱማ የከተማ ሰው ናቸው" አለችኝ። "የከተማ ሰው ደሙ ሌላ ነው። እኛን አይመስልም።" ጎረቤቶቿ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ የማን ደም ነኝ? ካንድ እናት ካንድ አባት የወጣን፣ ያንዱን ጓዳ ቆሎ ቆርጥመን ያደግን ነን። ልዩነታችን አንድ ባጃጅ ነበር። አንድ ባጃጅና አንድ ውሸት።

እያለቀስኩ ተመለስኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ሲብስባት ራሷ "ውሰዱኝ" አለች። እስከ አስፋልቱ ድረስ የመንደሩ ወንዶች በአልጋ ተሸክመው አወጧት።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ገና ወጣት ነው። እሷን "እናቴ፣ አይዞዎት" ብሎ ካስተኛት በኋላ እኔን ወደ ኮሪደር ጠራኝ። ለበሽተኛው አይነገርም፤ እዚህም እንደ ወጉ። ሳንባዋ ጋ ደርሷል አለኝ። ቁስሉን ከማጽዳትና ማስታገሻ ከመስጠት በቀር የሚደረግ የለም።

"የዛሬ አምስት ሳምንት ብትመጣስ?" አልኩት።

"ለውጥ አልነበረውም።" ፊቴን አይቶ ዕረፍት እንዲሰማኝ የጨመረው መሰለኝ፣ "የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ግን... ከገጠር የሚመጡልን ሁሉ እንዲህ ሆነው ነው፣ እህቴ። ከከተማ የሚመጡት ገና ሲጀምራቸው ነው። በሽታው እኮ አንድ ነው።" ይህን የሚነግረው ለማን እንደሆነ አያውቅም።

ወደ ቤቴ ወሰድኳት። ያኔ እኔ የተኛሁበት አልጋ ላይ አስተኛኋት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባሌ ሥራ ላይ ነው፣ ልጇ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ትራሷን እያስተካከልኩ፣

"እንዲያው ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ" አልኳት። እንዲህ ብዬ የወቀስኳት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ?

"ላንች? ምን ልትሆኝ?" አለች። "እኔ 'ከእሷ ላይ አይድረስ፣ በእኔ ይብቃ' እያልኩ ነው የከረምኩት።"

ከዚህ በኋላ መሸከም አልቻልኩም። ሸሚዜን ፈታሁ፤ ጥጡን አውጥቼ አልጋው ላይ ጣልኩት።

ደረቴን አየች። ከዚያ ጣቷን ከብብቴ ጀምራ ጠባሳውን ተከትላ እስከ ደረቴ መሃል ወሰደችው። ጣቷ ትኩሳት ነበረው።

"ይህ ያኔ ነው?"

"ያኔ ነው።"

"ትርፍ አንጀት ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ቆርጠውሽ ዳንሽ?"

"ዳንኩ።"

እንድትሰድበኝ ፈለግሁ። በጥፊ ብትመታኝ እጇን እስመው ነበር። እሷ ግን አልጋው ላይ የወደቀውን ጥጥ አንስታ በመዳፏ ጨመቅ፣ ለቀቅ አደረገችው።

"አራት ዓመት ሳቅፍሽ" አለች፣ "ይህን ነው ያቀፍኩት?"

ፊቴን በእጆቼ ሸፈንኩ።

"ለሌላው ደብቂ። እኔ ሌላ አይዶለሁም ነበር እኮ።"

እያለቀስኩ ሸሚዜን ልቆልፍ ስል፣

"ተዪው፣ አትቆልፊው" አለችኝ። "ልጄን ጥሪያት።"

"ምን ታድርግ?"

"ትየው። እኔ ያላየሁትን እሷ ትየው።"

ጠራኋት። ልጅቷ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ገባች። ደረቴን አየች፤ ከዚያ ምን ላድርግ እንደሚል ሰው እናቷን አየች። እናቷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክታርፍ አስራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። ውሃውን ከእጄ ተቀበለች፣ አጥሚቱን ተቀበለች፣ ቁስሏን ሳጥብላት አልከለከለችኝም። አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። እያንዳንዱን ነገር ተቀብላ ስትጨርስ "እግዜር ይስጥልኝ" ትለኝ ነበር፣ ለባዕድ ሰው እንደሚባለው።