ስልክ አንስቼ የእህቴን ፈተና አቋረጥኩ

ሐሙስ። እስከ ረፋዱ ድረስ ሃያ ሁለት ኩንታል ስንዴና ስድስት ኩንታል የቢራ ገብስ ተረከብኩ። አንድ ትልቅ ጥፋትም አጠፋሁ።

እህቴ መሠረት አስተማሪ ናት። በዲጂታል ትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪዋን በኦንላይን ስትማር ቆይታ፣ ዛሬ የመመረቂያ ጥናቷን ለፈታኞች የምታቀርብበት ቀን ነበር።

ስልኳ ስለተበላሸ ላፕቶፗን ይዛ የእህል መጋዘኔ ውስጥ ወዳለችው ቢሮዬ መጣች። ኢንተርኔቱን ከእኔ ስልክ አገናኘሁላት።

«ጋሼ፣ ቢደወልም እንዳታነሳ። ካነሳህ ኢንተርኔቱ ይቋረጥብኛል።»

«እሺ» ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። አጠገቧ ጠረጴዛው ላይ ትቼላት መውጣት እችል ነበር።

ጥናቷን እያቀረበች አጋማሽ ላይ ስትደርስ ከሳጉሬ ስንዴ የሚያፈላልግልኝ ደላላ ደወለ። እጄ ከእኔ ቀድሞ አነሳው።

«ስንዴው ደህና ነው፤ ልጫን?»

«ጫን!»

ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። መሠረት እንደገና ተገናኝታ ወደ ፈተናው ስትመለስ ፈታኞቹ ወደ ሌላ ተማሪ አልፈዋል። የአንቺ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተላልፏል ተባለች።

ወጥታ አየችኝና «ስንዴው ተጫነ?» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚገርመው፣ ጥናቷ ኔትወርክ ስለሚያስቸግራቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ዛሬ ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።

እናንተስ በአንድ ጥሪ የሰው ልፋት አበላሽታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ካሳችሁ?

የመሠረትን ስልክ ላሠራላት ከተቀበልኳት ሳምንት አልፎታል፤ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት፣ መጋዘኑን ሳልከፍት፣ ጥገና ቤት አደርሰዋለሁ።