ፀጉር አስተካካዩና የሐሙስ ሰዎች

ፀጉር አስተካካዩ የታሪክ አስተማሪውን ጆሮ በምላጭ የቆረጠው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ትልቅ ቁስል አልነበረም። አስተማሪው ጆሮውን በጥጥ ይዞ ተነሣ፣ «ምንም አይደል፣ ያጋጥማል» አለና ወጣ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ላይ ግን ዳግመኛ አልተቀመጠም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው እንደ ድሮው ነው። ፀጉሩን ሌላ ሰው እንደሚቆርጠው ግን ያስታውቃል፤ ከጆሮው በላይ ያለው መስመር ጠማማ ነው። ፀጉር አስተካካዩን ከስድብ የበለጠ ያሳፈረው ያ መስመር ነበር። ሰውዬው ከእሱ እጅ ይልቅ መጥፎ መቀስ መርጧል።

ወሬውን ከፀጉር አስተካካዩ ሚስት የሰማችው ታላቅ እኅቱ ሱቁ ድረስ መጣች። ነርስ ናት፤ ነገር አታስረዝምም።

«ስንት ትጠጣለህ?»

«እንደ ሰው።»

«የትኛው ሰው ነው ሱቁን ሳይከፍት የሚጠጣው?»

«እትዬ፣ እጄ እንዲረጋልኝ ብዬ እኮ ነው።»

«ረጋልህ ታዲያ?»

እኅቱ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችው፦ ሐሙስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ክፍል። መጠጥ የተዉና ለመተው የሚታገሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው።

በመጀመሪያው ሐሙስ በሩን እንዳላየ አልፎ፣ የማያነበውን ጋዜጣ ገዝቶ ቤቱ ገባ። በሁለተኛው ሐሙስ የበሩን እጀታ ይዞ ሲያመነታ አንዲት አሮጊት ከውስጥ፣ «ወይ ግባ ወይ ዝጋው፣ ብርድ ለቀቅህብን» አሉት። ገባ። ስብሰባውን የሚመሩት እኚሁ አሮጊት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ።

የኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። የሚያውቀኝ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ሲሰጋ የከረመው ሰውዬ፣ እሱ ራሱ ሰዎቹን እንደሚያውቃቸው አላሰበም ነበር። ፀጉር አስተካካይ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በማጅራቱ ይለያል። ያ ሁለት ሽክርክሪት ያለው አናት የፋርማሲው ባለቤት ነው። ያ ከፀጉሩ ሥር የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ነው። አንገቱን ደፋ።

አዋላጇ ሁልጊዜ ሲጀምሩ የሚሉት ነገር አለ፦ «እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል።» ከዚያ ተራ በተራ ይናገራሉ። ሹፌሩ ተነሥቶ፣ ድሮ ጠዋት ጠዋት ቀማምሶ አርባ ሰው ጭኖ ይነዳ እንደነበር፣ ከተወ አምስት ወሩ እንደሆነ ተናገረ። ተራው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሲደርስ፣ «ዛሬ ላዳምጥ» አለ። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ አለ። በአራተኛው፣ «አንተ ልጅ፣ ጆሮህ አይደክመውም?» አሉት አዋላጇ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቢሆንም በእነዚያ ሳምንታት አንድ ጠብታ አልቀመሰም። እጁም ረጋ ማለት ጀመረ።

ማክሰኞ ዕለት ጫማ ነጋዴው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሹፌሩ በመስኮት በኩል አለፈ።

«ያን ሹፌር አያችሁት? ፊቱ እንዴት እንደጠራ!» አለ ጫማ ነጋዴው።

አግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቅ ደንበኛ፣ «በጠርሙስ እየወለወለው ነዋ» አለ። ሳቁ።

ፀጉር አስተካካዩ ለሹፌሩ ሊከላከልለት ፈለገ።

«ተዉት ሰውዬውን፤ አምስት ወሩ ከተወ። ጠዋት ቀምሶ መሪ መጨበጥ ድሮ ቀረ።»

ሃያ ዓመት መቀሱ ሲሠራ ምላሱም አብሮ ሲሠራ ኖሯል። አሁን ሁለቱም አንድ ላይ ቆሙ።

ጫማ ነጋዴው በመስታወቱ ውስጥ አየው። «መሪ ይዞ? እኔ ማታ ማታ ብቻ መስሎኝ። ማን ነገረህ?»

«ሰው ሲያወራ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የደንበኛውን ፀጉር እንዴት እንደጨረሰ አያስታውስም።

ሐሙስ እስኪደርስ እንቅልፍ አጣ። ቢቀር የሚከሰው የለም፤ ማን እንዳወራ ሹፌሩ ላያውቅም ይችላል። ግን ሐሙስ ከቀረ ዓርብ ጠዋት የት እንደሚገኝ ራሱን ያውቃል። ሄደ። ተራው ሲደርስ ቆመ፤ ላብ አጠመቀው።

«የእሱን ነገር ሱቅ ውስጥ አወራሁት» አለ፣ ሹፌሩን ሳያይ። «ለክፋት አልነበረም። ግን አወራሁት።»



«ለማን?» አለ ሹፌሩ።

«ለጫማ ነጋዴው።»

«እሱ ከሆነ እንግዲህ ለሬዲዮ ሰጥተኸዋል።» ሊስቅ የሞከረ ሰው ነበር፤ ተወው። «ነገ ራሴ ሄጄ ለአለቃዬ እነግራለሁ። ከሌላ አፍ ከሚሰማ ከኔ ይስማ። አንተን ግን ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። አሁን አልችልም።»

«ይቅር በለኝ አላልኩህም» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

አዋላጇ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሰውን ነገር ተናገርክ። የራስህንስ?»

ያኔ ነው የአስተማሪውን ጆሮ የነገራቸው።

ሹፌሩን ለስድስት ወር ከመሪ አነሡት፤ ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ አጣቢ አደረጉት። ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ወደ ሱቁ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በጋራዡ አጥር ሥር ያልፋል፤ ሹፌሩ ቦት ጫማ አድርጎ፣ የውሃ ጎማ ይዞ ጠዋት ጠዋት ይታያል። ሌላው ማልዶ በሚከፍተው ግሮሰሪ በር ላይ ያልፋል።

በጋራዡ በኩል ነው የሚሄደው። በየቀኑ «እንደምን አደርክ» ይላል። ሹፌሩ አንዳንድ ቀን ይመልስለታል።