ትልቁ ጋዋን

የስፌት ፋብሪካዋ ሠራተኛ የአራት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን የሚያውቁት ባሏና አጠገቧ የምትሰፋው ጓደኛዋ ብቻ ነበሩ። ስትቀጠር "ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ካረገዝኩ በፈቃዴ እለቃለሁ" የሚል ወረቀት አስፈርመዋታል። የጋዋኗን ጎን በየሳምንቱ እየተረተረች ስታሰፋ ከርማ፣ ዛሬ አሮጌው ተመልሶ አዲስ ይታደላል ተባለ። ሰልፉ ላይ መቆሚያ አጣች።

"ኧረ እባክሽ ተረጋጊ፣ እሳት የረገጥሽ መሰልሽ እኮ" አለቻት ጓደኛዋ።

ተራዋ ደረሰ። "ቁጥርሽ ስንት ነው?" አለች የንብረት ክፍሏ ሴትዮ።

"ትልቁን ስጪኝ፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ ቀና ብላ ሆዷን አየችው። ይሄኔ ጓደኛዋ "ለእኔም ትልቁን" አለች። ከእሷ ኋላ ያለችው እንጨት የመሰለች ቀጭን ሴትም "ለእኔም" አለች።

"ሁላችሁንም ምን አወፈራችሁ?"

"ሐሳብ ነዋ" አለች ቀጭኗ።

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለሁሉም ትልቁን አደለች።

ነፍሰ ጡሯ ለበሰችው፤ ልቧ ግን አላረፈም። ጋዋን ስንት ወር ይሸፍናል? "ያን ወረቀት ያልፈረመች አለች?" ብላ ሰልፈኞቹን ጠየቀች። አንዲትም አልነበረችም።

"እንግዲያው ነገ አብረን ቢሮ እንግባና ይቀደድልን እንበል" አለች ነፍሰ ጡሯ።

"ነገን ምን አመጣው?" አለች ቀጭኗ። "ምሳ ሰዓት አለልሽ አይደል?"