ጌሜ ውስጥ እህቴ አገሯ አልገባችም

ጌም ላይ ሦስት ምርጫ ተሰጥቷችሁ ሁሉም አንድ ቦታ ሲያደርሷችሁ «ታዲያ ለምን አስመረጣችሁኝ?» ብላችሁ አታውቁም?

ዛሬ የጌሙ ሠሪ እኔ ሆኜ አፈርኩ።

እህቴ ዘሀራ እዚሁ ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። «የሷን ሕይወት ጌም አደርገዋለሁ፤ ምርጫዋ ዕጣዋን ይቀይራል» ብዬ ወር ሙሉ ፎክሬ ነበር። (አዲስ ተመራቂ ሲፎክር አይጣል ነው!)

ዛሬ ጁምዓ አርፋ ክፍሌ መጥታ በስልኬ ተጫወተችው። «ወደ እማዬ ልመለስ» የሚለውን ነካች። ጌሙ ውስጥ ያለችው አሠሪዋ ማዳም «ያላ፣ ወደ ሥራ!» አለቻት። ሌላውን ነካች፤ ያው «ያላ»። ሦስተኛውም እንዲሁ።

ጌሙ ላይ የማዳምን ቪላ መጋረጃ ሳሳምር ከርሜ የመመለሻዋን ታሪክ አልጻፍኩትም ነበር።

«አይ ምሩቁ! ይሄንንማ እዚያው ማዳም ቤት እጫወተው የለ?» ብላ ሳታየኝ ስልኩን መለሰችልኝ።

ከስደት የተመለሳችሁ፣ እናታችሁ በር ላይ መጀመሪያ ምን አለቻችሁ? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ዘሀራ በጌሙም ቢሆን ቤቷ ትግባ።