የደጀኔ ሞተርና ስም የሌላት ወረቀት

ደጀኔ ሞተር ሳይክሉን የገዛው በፈረንጆቹ 1996፣ ሰመር ሲገባ፣ አሜሪካ ሴንት ፖል ከተማ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ አብሮት ከሚሠራ ሰው ነው። የቀድሞው ባለቤት የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን፣ ድምፅ አፋኝ ሆድ አውጥቶ ባዶ ቱቦ አድርጎት ስለነበር ሞተሩ ሲነሳ መስኮት ያርገበግባል። ደጀኔም የወደደው ይህንኑ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው፣ የራሱ የሆነ የሚያገሳ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ከተማዋ ዳር ሜፕልዉድ ካለው አፓርታማው ገና ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ስታርት ያደርግና፣ ነዳጅ እየሰጠ እያስጓራ እስኪሞቅ ይጠብቃል።

ሐምሌ ላይ ከፖስታ ሳጥኑ አንዲት ወረቀት አገኘ። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፋለች፤ ስም የላትም። «በየቀኑ ጠዋት ኢለቨን ኦክሎክ ላይ ሞተርህ ያባንነናል። ፕሊስ» ትላለች።

ደሙ ፈላ። በፈረንጅ ኢለቨን ማለት ረፋድ አምስት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ እሱ ምድጃ ፊት ቆሞ ዳቦ ያወጣል። «ሊያስወጡኝ ፈልገው ነው የሚዋሹብኝ» አለ ለባለቤቱ ለየትምወርቅ፣ ወረቀቷን ኪሱ ከትቶ። «ዛሬ ወረቀት ጻፉ፤ ነገ የሕንጻው ማኔጀር ጋ ካምፕሌይን አድርገው ይከሱኛል።»

ከዚያ ወዲህ ሕንጻው ሁሉ የዶለተበት መሰለው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሲገባ ሰዎች ዝም ካሉ፣ ስለ እሱ ሲያወሩ ነበር። ማኔጀሩ ፈገግ ካለ፣ አንድ ነገር ደብቋል። አንደኛ ፎቅ ለምትኖረው ለወሎዋ ልጅ ለዙለይሃ እንኳ ሰላምታው አጠረ። እሷም አንገቷን ደፍታ ማለፍ ስትጀምር፣ «ከነሱ ወግናለች ማለት ነው» ብሎ ደመደመ። ከሁሉ አብልጦ የጠረጠረው ግን ከላይ የሚኖሩትን ነጭ ሽማግሌ ነው። መስኮታቸው ፓርኪንጉን ቁልቁል ያያል፤ ሰላም ሲሏቸውም አይመልሱም።

አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው ከመኪናቸው ዕቃ ሲያወርዱ፣ ደጀኔ ወረቀቷን ይዞ ፊታቸው ተገተረ።

«ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው «ጮክ በል» አሉት።

ደገመላቸው። ወረቀቷን አስጠግተው አነበቡና ከደረት ኪሳቸው የጆሮ መስሚያ አወጡ። «ይሄን ካላደረግሁ ቤቱ ቢናድም አልሰማም። ለመሆኑ ሞተር አለህ?»

ደጀኔ ፊቱ በሀፍረት ግሎ ቤቱ ገባ። የሆነውን ሲነግራት የትምወርቅ ወረቀቷን ተቀብላ አነበበቻት።

«ደጄ፣ ሞተሩን የምታስነሳው በስንት ሰዓት ነው?»

«ከንጋቱ አስራ አንድ።»

«ታዲያ ኢለቨን አስራ አንድ አይደል? ይሄን የጻፈው በሀበሻ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው።»

በዚያ ሕንጻ ከነሱ ሌላ በሀበሻ ሰዓት የሚቆጥር አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዙለይሃ በሩን ስትከፍት ሕፃን ልጇን ኢሽራቅን ታቅፋ ነበር። ወረቀቷን እጁ ላይ ስታይ ደነገጠች።

«ጋሽ ደጀኔ፣ አፉ ይበሉኝ። ልጅቷ ያለጊዜዋ ተወልዳ ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። በስንት መከራ ካስተኛኋት በኋላ ሞተሩ ሲነሳ ትንቀጠቀጥብኛለች።»

«ታዲያ በአማርኛ አትነግሪኝም?»

«በምን አፌ? እርጉዝ ሆኜ በዚያ በረዶ ዕቃዬን የተሸከሙልኝ እርስዎ ነዎት። ፈረንጅ የጻፈው ይምሰላቸው ብዬ ነው። ፊትዎን ሲያጠቁሩብኝ ደግሞ፣ አውቀውብኛል ብዬ ስሰጋ ከረምኩ።»

ደጀኔ ሕፃኗን አየ። የተጨበጠች እጇ ከእሱ አውራ ጣት አትበልጥም።

በማግስቱ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ላቡ ጠብ እያለ እስከ ዋናው መንገድ ገፋው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከገፋ በኋላ ሆዱ ያልወጣ አሮጌ ማርሚታ ፈልጎ ራሱ ገጠመለት። ግሳቱ ወደ ማጉረምረም ወረደ። ሀይዌይ ላይ ሲወጣ ያ ድምፅ ይናፍቀው ነበር፤ ለየትምወርቅ ግን አልነገራትም።

መስከረም ላይ ዙለይሃ ደረጃው ላይ አስቆመችው።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ሞተሩን ሸጡት እንዴ? ድምፁ እኮ ጠፋ።»

እያሾፈችበት እንደሆነ ጠርጥሮ ትክ ብሎ አያት። የምሯን ነበር።

«አለ» አላት፣ ሳቁ አምልጦት። «ዛሬም በእሱ ነው የመጣሁት።»