በመራዊ መንገድ የተጠየቅሁት

ባሕር ማዶ ካለችው ከዚያች ትንሽ የሰሜን አገር ያባረሩኝ በጠዋት ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩን ሰብረው ገቡና ከአልጋዬ ጎትተው አወረዱኝ። ዓሣ ፋብሪካ እሠራ ነበር። የቋንቋቸውን ፈተና አልፌያለሁ፤ በረዶ ሲጥል የጎረቤቴን የአሮጊቷን ደጅ የምጠርገው እኔ ነበርሁ። ምርጫ መጣና አዲሱ መንግሥት እኔን ጨምሮ ጥገኝነት የተከለከለውን ሁሉ ለመመለስ ከእኛ መንግሥት ጋር ተስማማ። አውሮፕላኑ ውስጥ "አልሄድም" ብዬ ስነሣ ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዙት። ትከሻዬ ሲወልቅ ድምፁን ሰማሁት።

ባሕር ዳር አባቴ ተቀበሉኝ። መሪጌታ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ካለ ደብር ያገለግላሉ። ትከሻዬን ወጌሻ አሸኝ።

ብዙም ሳልቆይ ከአባቴ ጋር መራዊ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ታጣቂዎች ሚኒባሳችንን አስቆሙት።

"ውረዱ! መታወቂያ!"

የቀበሌ መታወቂያ ገና አላወጣሁም። ኪሴ ያለው ሲያባርሩኝ የሰጡኝ የጉዞ ወረቀት ነው። አንደኛው ገልብጦ አየው።

"የማን ሰላይ ነህ?"

"እዚሁ ነው የተወለድሁ።" ደንግጬ አፌ ተሳሰረ፤ መሐል ላይ የዚያ አገር ቃል አመለጠኝ።

በሰደፍ አፌን መታኝ። የተሰበረው ጥርሴ ምላሴ ላይ ቀረ። ወድቄ ሲረጋግጡኝ አባቴ መጥተው ላዬ ላይ ተደፉ።

"ልጄ ነው! ደብር ውስጥ ያሳደግሁት ልጄ ነው!"

"አባ፣ ይነሡ!" አለ የመታኝ ታጣቂ።

አልተነሡም። ጎናቸውን በርግጫ መታቸው።

ይኼኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የነበረ ወጣት ወደ በቆሎው ማሳ ሮጠ። ተኮሱበት። አገዳው ከላዩ ሲወዛወዝ አየሁ።

"ልጅዎ ከሆነ ጸሎት ያውቃል። በል፣ ድገም!" አለኝ ታጣቂው።

እዚያ አገር የቋንቋ ፈታኟ ስለ ንጉሣቸው ስትጠይቀኝ ሻይ ቀድታልኝ ነበር። እዚህ አፈሙዙ ጆሮዬ ሥር ነው። አባቴ በልጅነቴ ያስጠኑኝን የግእዝ ጸሎት ደሜን እየዋጥሁ ጀመርሁ። መካከሉ ላይ ጠፋብኝ። አባቴ ከላዬ እንደተደፉ በሹክሹክታ አቀበሉኝ፤ ቀጠልሁ። ሳልጨርስ "ሂዱ" አለን።

የተመታውን ወጣት ከማሳው ተሸክመን ሚኒባሱ ውስጥ አስተኛነው። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሆዱን በአባቴ ጋቢ ጫንሁት፤ ደሙ ግን በጣቶቼ መሐል ትኩስ ሆኖ ይወጣል። "ውሃ" አለኝ። አንዲት ሴት ኮዳዋን አቀበለችን፤ ከንፈሩን አረጠብሁለት። ከተማ ሳንገባ ዐረፈ።

የአባቴ የጎን አጥንት ተሰብሮ ነበር። ዛሬም ማሕሌት ሲቆሙ ሰውነታቸውን በሙሉ መቋሚያው ላይ ይጥላሉ። እኔም መታወቂያዬን አወጣሁ፤ አሁን የሞተር ጀልባዎች እበይዳለሁ።

የዚያ አገር አሮጊቷ ጎረቤቴ እየደወሉ ይጠይቁኛል። ያን ሰሞን "ሚኒስትራችን ያንተ አገር ሰላም ነው ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ" አሉኝ። የሆነውን ነገርኋቸው።

"ውሸታም!" ብለው ጮኹ። ጠረጴዛ ሲመቱ ተሰማኝ። "ሚኒስትሩ ከተማችን ሲመጣ ፊቱ ቆሜ እጠይቀዋለሁ። የሞተው ልጅ ስሙ ማን ነው?"

አላውቀውም ነበር። ስልኩን ይዤ አባቴን ጠየቅሁ። ፍትሐቱ ላይ ቆመው ስለነበር የክርስትና ስሙን ነገሩኝ። ለአሮጊቷ ቀስ ብዬ አልሁላቸው። መጀመሪያ አልሆነላቸውም። እስኪስተካከልላቸው ድረስ ደጋገሙት።